አፍራሾችን እንንከባከብ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒዩተር በገባበት አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። የመረጡኝ ሒሳብ አስተማሪ ስለነበርኩ ነው። ለሥልጠና አብረውኝ የተቀመጡት ሁሉ በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ። አሠልጣኛችንም ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ፣ ጠመኔ ሲይዝ እጁ የሚጣደፍ ወጣት ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «ዲኮምፖዚሽን» ብሎ ጻፈና ወደ እኛ ዞረ። ትልቅ ሥራ እንዳለ ለኮምፒዩተር አይሰጥም አለን። መጀመሪያ ይከፋፈላል፤ ክፍሉም እንደገና ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ፣ ከእሱ በፊት የሆነውንም ከእሱ በኋላ የሚሆነውንም ማወቅ የማያስፈልገው እስኪሆን ድረስ። ከዚያ በአማርኛ ምን እንበለው ብሎ ጠየቀን። መበተን ያለ ነበር፣ መተንተን ያለም ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተጫዋች ልጅ ማፍረስ እንበለው ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ። ያ ቃል እኔ ቤት ገብቶ የሠራውን እነዚያ ልጆች ከየት ያውቁታል።

ከዚያ በፊት ደብረ ታቦር ነበርኩ። ባለቤቴም እኔም አስተማሪዎች ነበርን፤ እኔ ሒሳብ፣ እሱ ባዮሎጂ። እኔ ከሸዋ፣ እሱ ከሲዳሞ ተመድበን ሄደን እዚያው ትምህርት ቤት ተዋወቅን፣ እዚያው ተጋባን። አማርኛ ለእሱ በትምህርት ቤት የለመደው ቋንቋ ነው። እኔ አፌ እንዳመጣልኝ ስናገር እሱ ቃል ይመርጥ ነበር። አፉ ላይ የደረሰውን ቃል ይዞ ቆም ይላል፤ ይመዝነዋል፤ ካልጣመው ይመልሰውና ሌላ ያወጣል። እኔና ሌሎቹ መምህራን ይህን እያነሳን ስንቀልድበት፣ አማርኛ የእናቴ ልጅ አይደለም፣ ከተሳሳትኩ አይምረኝም ይለን ነበር። ቀልድ መስሎን አብረን እንስቃለን።

ከሚያስተምረው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ርዕስ መበስበስ ነው። የሻገተ ድንች፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ትል የበላው ግንድ ይዞ ክፍል ይገባል። ተማሪዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ይንጫጫሉ፤ እሱ ግን ፊቱ ይበራል። ዛፍ ሁሉ ከዓለም መጀመሪያ ጀምሮ የጣለው ቅጠል እንዳለ ቢቀመጥ ኖሮ መርገጫ ታገኙ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። እኔም አንዳንዴ ለማብሸቅ ያህል ያንተ ዲኮምፖዚሽን በእኛም ሒሳብ አለ፣ ያውም ሳይሸት፣ እለው ነበር። አንድን ውስብስብ ክፍልፋይ ወደ ቀላል ክፍልፋዮች እንፈታለን፤ ስሙም ያው ነው። አንድ እሑድ ወደ ጋፋት በእግር ስንሄድ ይህንኑ አንስቼበት ልዩነቱን ነገረኝ። የአንቺን ክፍልፋዮች መልሰሽ ብትደምሪያቸው ያንኑ ይሰጡሻል አለኝ። የእኔ ቅጠል ግን አንዴ ከፈረሰ ተመልሶ ቅጠል አይሆንም፤ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ያን ጊዜ ለክርክር ያህል የተባለ መስሎኝ አለፍኩት።

በዚያው ዘመን ከአውራጃው ለገበሬዎች ስለ አፈር ትምህርት ይሰጥ የሚል መመሪያ መጣ። ከጉና ግርጌ ያሉ የገበሬ ማኅበራት ሰዎች ወደ ከተማ ወርደው እኛ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሊሠለጥኑ ነው። ያ አገር ብርድ ነው፤ ገብስና ድንች ነው የሚሰጠው። ማገዶ ጠፍቶ ኩበቱ እየነደደ አፈሩ ሳይጠግብ ይከርማል። ሥራው ለባለቤቴ ተሰጠ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ጭድ፣ የድንች ቅጠል፣ አዛባና አመድ እየደራረበ ሞላው፣ በላዩ አፈር አለበሰው። ለማስተማሪያ የሚሆን ትልቅ ሥዕል ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት እቤታችን መሬት ላይ ዘርግተን ጀመርን። እኔ በግና ገብስ እሥላለሁ፤ እሱ ከመሬቱ በታች በዓይን የማይታዩትን ፍጥረታት ይሥላል፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ቀስት ያደርጋል።

ችግሩ የነዚያ ፍጥረታት ስም ነበር። በእንግሊዝኛ የታወቀ ስም አላቸው፤ ለገበሬ ግን በአማርኛ ነው የሚጻፈው። መጀመሪያ አብስባሾች ብሎ ጀመረና ቀለሙን እንደያዘ ቆመ። በራድዮ ሌት ተቀን የበሰበሰው የፊውዳል ሥርዓት ይባላል፤ በየውይይት ክበቡ የበሰበሰ አስተሳሰብ ይባላል። መበስበስ ደግ ነው ብዬ ብጽፍ የድሮውን ሥርዓት አወደሰ ይሉኛል አለኝ። ልክ ነው፣ ይሉት ነበር። ካሰበ ካሰበ በኋላ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚሉት ትዝ አለው። ስለ ፍግ ሲጠይቃቸው፣ ይህ ገና አልፈረሰም፣ ያልፈረሰ ፍግ ገብሱን ያቃጥለዋል ብለውት ነበር። ቃሉ የመሬት ቃል ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማንንም አይነካም አለ። በሰላማዊ ሰው እርጋታ አብስባሾች የሚለውን ቀለም ቀብቶ አጠፋና በላዩ አፍራሾች ብሎ ጻፈ።

አፍራሽ የሚለውም ቃል በራድዮ ነበር፤ አፍራሽ ኃይሎች፣ አፍራሽ ዓላማ። እሱ ግን ስለ አፈር እያሰበ ነበርና ሁለቱ አልተገናኙለትም። የሸሸው ቃል የአሮጌ ሥርዓት ስድብ ነው፤ የተጠጋው ቃል ሰው የሚታሰርበት ክስ ነው። ከሥዕሉ በታች በትልልቅ ፊደል እንዲህ ሲል ጨረሰ፦ «አፍራሾች ባይኖሩ ምድር በሬሳ ትሞላ ነበር። አፍራሾች የሁላችን ወዳጆች ናቸው። አፍራሾችን እንንከባከብ።»

ሥልጠናው መልካም ሆነ። ገበሬዎቹ ባናቸውን ተከናንበው ተደርድረው ሰሙ፤ አንድ ሽማግሌ እነዚህ የሚሏቸው ፍጥረታት ዓይን አላቸው ወይ ብለው ጠይቀውት በዚያ ላይ ብዙ ተጫወቱ። ጉድጓዱን ከበው አዩ። ሲጨርሱ መርቀውት ሄዱ። ሥዕሉ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ፤ ማውረዱን ማንም አላሰበውም።

በሚቀጥለው ሳምንት የመምህራን የውይይት ክበብ እዚያው አዳራሽ ተሰበሰበ። ንግግር የሚያደርገው ከሌላ አውራጃ ተዛውሮ የመጣ ካድሬ ነበር። ሥዕሉ ልክ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። እሱ እጁን እያወናጨፈ፣ አፍራሾች ዛሬም በመካከላችን አሉ፣ በዓይን አይታዩም፣ ከሥር ሆነው ነው የሚሠሩት፣ ነቅለን እናጠፋቸዋለን ይላል። ከራሱ በላይ ደግሞ አፍራሾችን እንንከባከብ ይላል። መጀመሪያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ ከመሐል ታፍና የነበረች ሳቅ አመለጠች። ካድሬው የሚሳቅበት መስሎት ዞሮ አየ። ከላይ እስከ ታች፣ ቀስቶቹን ሳይቀር፣ ቀስ ብሎ አነበበ። እስካሁን ድረስ እላለሁ፣ ያች ሳቅ ባታመልጥ ኖሮ ሰውዬው ንግግሩን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ባለቤቴን ያስያዘው ከቃሉ ይልቅ ሳቁ ነው።

ይህን የጻፈው ማነው ሲል ባለቤቴ ጥያቄ እንደተጠየቀ አስተማሪ ደስ ብሎት ተነሳ። ማስረዳት ጀመረ። በየትም ቦታ አሉ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አሉ፣ እነሱ አሮጌውን ካላፈረሱት አዲሱ የሚበቅልበት የለውም አለ። እጁን ይዤ ባስቀምጠው በወደድኩ፤ ራቅ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

ርእሰ መምህሩ በማግስቱ ጠርቶ መከረው። ነገሩ ቀላል ነው አለው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስተህ ግለ ሂስ አድርግ፣ የቃል አጠቃቀም ጉድለት ነበረብኝ በል፣ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። ባለቤቴ እሺ አለ። ማስተማሩን እንዳይነጥቁት ብቻ ነበር የሚፈራው፤ መታሰር የሚባለው ነገር በሐሳቡም አልነበረም። ተነስቶም እንደተመከረው ተናገረ። ካድሬው ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረ።

«ጓድ መምህር፣ አፍራሽ ማለት የእነማን ስም እንደሆነ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

ባለቤቴ እንደ ልማዱ ቆም አለ። ራድዮ የሚሰማ ሰው አላውቅም ቢል ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ አይሆንለትም።

«አውቅ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ያልኩት ሌላውን ነው።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ አውቅ ነበር የሚለውን ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በማግስቱ ጠዋት ከክፍል አውጥተው ወሰዱት። ሰሌዳው ላይ የጀመረው የቅጠል ሥዕል ግማሽ ድረስ ተሥሎ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የገባው አስተማሪ አጠፋው።

ስንቅ እያመላለስኩ በየቢሮው ደጅ ጠናሁ። ማን አሳሰረው ብዬ ነው የምጠይቀው፤ የሚያስፈታውን ለመለመን መጀመሪያ ያሳሰረውን ማወቅ አለብኝ። ካድሬው እኔ ያነበብኩትን ነው ያመለከትኩት፣ የወሰነው ሌላ ነው አለኝ። ርእሰ መምህሩ የመጣልኝን ጥያቄ ነው ያስተላለፍኩት አለ፤ ዓይኔን አላየኝም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ጓደኛችን ነበር፣ ቤታችን በልቷል፤ የተባለውን ነው የጻፍኩት አለኝ፣ ያልተባለ አልጨመርኩም። ቀበሌው ከበላይ በታዘዝነው መሠረት አስረከብን አለ። እስር ቤት በር ላይ ያለው ጠባቂ ደግሞ እኔ ቁልፍ ብቻ ነው የምይዘው እህቴ አለኝ። እውነቱን ነው። የቤታችን ባለቤት የነበሩት አሮጊት አንድ ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው አብረውኝ ሄዱና ካድሬውን ፊት ለፊት ጠየቁት።

«ምኑን ነው አፈረሰ የምትሉት ልጄ? ያፈረሰው ቤት ካለ ወስዳችሁ አሳዩኝ፣ እኔ አሠራለሁ።»

ካድሬው ለአሮጊቷ ወንበር ሰጣቸው። እሱም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ያኔ ሁሉም የሚዋሹኝ ይመስለኝ ነበር። ለየብቻ እየጠራሁ በሆዴ ረገምኳቸው። አዲስ አበባ ያ ወጣት አሠልጣኝ ሰሌዳው ላይ ሣጥን በሣጥን እየሣለ ሲያስረዳን ነው እንዳልዋሹኝ የገባኝ። ሥራው ተከፋፍሎ ነበር። እያንዳንዱ የደረሰችውን ቁራጭ ሠርቶ ለቀጣዩ አሳለፈ፤ ቁራጯም ለየብቻዋ ስትታይ ክፋት የለባትም። አንዱ አነበበ፣ አንዱ ጻፈ፣ አንዱ አስተላለፈ፣ አንዱ ቆለፈ። ሙሉውን ሥራ በእጁ የያዘ ሰው ፈልጌ ነበር የምዞረው፤ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ከኮሪደሩ ስመለስ መከፋፈል ይበቃል አልኳቸው፣ ማፍረስ አትበሉት። ዕድሜዬን አክብረው ተቀበሉኝ። አሠልጣኙ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ስህተት ቢገኝ እንኳ የትኛው ቁራጭ ላይ እንዳለ ወዲያው ይታወቃል ብሎ አብራራልን። በጽሞና አዳመጥኩትና ጻፍኩት። የእኔ ስህተት የትኛው ቁራጭ ላይ እንደነበር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ባለቤቴ ከታሰረ ክረምት ገብቶ ወጥቶ፣ ሁለተኛው ሊገባ ሲያስገመግም ተፈታ። ለምን እንደታሰረ እንዳልተነገረን ሁሉ ለምን እንደተፈታም አልተነገረንም። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ነበርና ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድኩት። ጠዋት ጠዋት ከሰው መሐል ገብቶ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ተሻለው። ሌላው ግን አልተመለሰም። ቃል መምረጥ ትቷል። ስጠይቀው ወይ መጀመሪያ የመጣለትን ይላል፣ ወይ ዝም ይላል። ራት ምን ይሁን ብለው የሆነው ይሁን ነው መልሱ። ያን ዕቃ አንሳልኝ ብለው ያነሳል፤ አስቀምጥ እስክለው ይዞት ይቆማል። የእኔ ቅጠል ተመልሶ ቅጠል አይሆንም ያለኝ እንደ አዲስ ይሰማኝ ጀመር። ትምህርት ቤቱ መልሶ ቀጠረው፤ ክፍል እንዲገባ ግን አልተፈቀደለትም፣ ዕቃ ቤት ተመደበ። መጥረጊያና ጠመኔ ያድላል። የድሮ ተማሪዎቹ ጠመኔ ሊወስዱ ሲመጡ ሰላም ይሉታል፣ እሱም ቆጥሮ ይሰጣቸዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ የገበሬዎች የአፈር ትምህርት ፍሬ ይታያል። ካድሬው ያ ጉድጓድ ትዝ ብሎታል። ባለቤቴ ሲታሰር እንደተደፈነ የቀረው ጉድጓድ ነው። አጥር ታጠረለት፣ ደጁ ላይ የብስባሽ ጉድጓድ የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ብስባሽ፤ ባለቤቴ ፈርቶት ቀለም የቀባበት ቃል። ደማቅ ቀይ አድርገው ጽፈውት ማንም ምንም አላለም። በቆምኩበት ስቄ ነበር፤ መራራ ሳቅ ነው።

እንግዶቹ ሲደርሱ አካፋ ያስፈልግ ስለነበር ባለቤቴ ከዕቃ ቤት ተጠርቶ መጣ። መምህራኑ ሁሉ ተሰልፈን ቆመናል። ራሱ የደፈነውን ጉድጓድ ራሱ ከፈተው። ከላይ ያለው ደረቅ አፈር ከተነሳ በኋላ ከሥሩ ጥቁር፣ የሚለሰልስ፣ ዝናብ እንደመታው መሬት የሚሸት አፈር ወጣ። ጭዱ የለም፣ አዛባው የለም፣ የድንች ቅጠሉ የለም። ሁሉም ባለቤቴ ይሆናል እንዳለው ነበር የሆነው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሸበት ያሉ ደግ የሚመስሉ ሰው፣ ጎንበስ ብለው እፍኝ ዘገኑና አሸተቱት። ይህን ጭድ እንዲህ ያደረገው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ካድሬው አያውቀውም። ግራ ቀኝ አየና ባለቤቴ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«ጓድ መምህር፣ ንገራቸው እንጂ።»

ከታሰረ ወዲህ መምህር ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። መልስ፣ መልስ፣ ያንተ ጥያቄ ነው አልኩ በሆዴ። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር፣ የነዚያን ፍጥረታት ስም በማንኛውም ቋንቋ ቢጠራ፣ እንደሚመለስልኝ አምኜ ነበር፤ ክፍልም ሊገባ ይችላል፣ ሰውዬው መምህር ብሎ ጠርቶታል። ባለቤቴ አካፋውን ተደግፎ አፈሩን አየው። ቆም አለ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ ቃል የሚመርጥበት ነው። ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነበር።

«ማንም አይደለም ጓድ፣» አለ። «በራሱ ጊዜ የሆነ ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አፈሩን ጥለው እጃቸውን አራገፉና ሻይ ወደተዘጋጀበት ሄዱ። ባለቤቴ ጉድጓዱን መልሶ ይደፍን ጀመር። እኔ አንድ የመማሪያ ክፍል መስኮት ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ ያየኝ ካለም ያላየ መሰለ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየንም። አልተጣላን፣ ክፉ ቃል አልተነጋገርን፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዝምታ ሆነን ኖርንና እሱ ወደ አገሩ ልሂድ አለ። ትዳር እንዲሁ አይበተንም ብለው ሽማግሌዎች አስቀመጡን። ከመካከላቸው ቃለ ጉባኤ ያዡም ነበር፤ ጓደኛችን ስለሆነ ነው የተጠራው። በወጉ መሠረት ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ተጠየቀ፤ ትዳሩን ያፈረሰው ማነው ተባለ። ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ያነበበውን፣ የጻፈውን፣ ያስተላለፈውን፣ የቆለፈውን፣ እያንዳንዳቸውን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ አንዱማ ከፊቴ ተቀምጧል። ግን አንዱም ለብቻው የሠራው ትዳር ለማፍረስ አይበቃም ነበርና፣ የምጠራው ስም አጣሁ።